የፎቶው ጀርባ

ሳምንቱን ሙሉ ኮድ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሜታዳታ አስተምራለሁ። ኮርሱ በተማሪ ዘንድ የተወደደ አይደለም። ጎረቤት ክፍል ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየተወራ፣ ስለ ፋይል መግለጫ መስማት ማን ይፈልጋል? የመጽሐፉ ትርጉምም አያግዝም። «ስለ ዳታ የሚናገር ዳታ» ይላል። ተማሪው ይጽፈዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ በቃ።

እኔ የምጀምረው ከጤፍ ነው። ነጋዴው «የአዳ ማኛ ነው» ሲለን ነጭነቱን ዓይናችን ያያል፤ አዳ መብቀሉን ግን አያይም። እሱን የምናውቀው ከሰው ቃል ነው። ጤፉ ዳታ ነው፤ «የአዳ» የሚለው ደግሞ ሜታዳታ። ዋጋ የሚያስጨምረውም እሱ ነው። ይሄን ስል ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸውን ያስቀምጣሉ። ወዲያው «ያንኑ ስልክ አውጡ» እላቸዋለሁ።

ስልክ ያነሳው ፎቶ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ሞዴል፣ ሎኬሽን ከተከፈተ ደግሞ የተነሳበት ቦታ አብሮ ይቀመጣል። ኤግዚፍ ይባላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይሄ መረጃ ይራገፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። አንዷ ተማሪ ከራሷ ፎቶ ያገኘቻቸውን ቁጥሮች ካርታ ላይ ስታስገባ፣ ምልክቱ የቤታቸው በር ላይ አረፈ።

«ቲቸር፣ ጫማ ልሸጥ ብዬ ይሄን ለማላውቀው ሰው በፋይል ልኬዋለሁ እኮ!» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ኮርሱ ደረቅ ነው ያለኝ የለም።

ዋናው የቤት ሥራ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ አልበም አንድ የቆየ ፎቶ ስካን አድርጎ መዝገብ ይሠራለታል። መነሻችን ደብሊን ኮር የሚባለው ባለ 15 መስክ ደረጃ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ በተደረገ ስብሰባ የተጀመረ ነው። ርዕስ፣ ፈጣሪ፣ ቀን፣ መብት እያለ ይሄዳል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

አንድ ዝምተኛ ተማሪ ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን የቆሙበትን ፎቶ አመጣ። አንደኛው የወታደር ልብስ ለብሷል፤ የአያቱ ወንድም ነው። ቀን በሚለው መስክ 1967-10-12 ብሎ ሞልቷል። ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበለው።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

ጀርባውን ግን ስካን አላደረገውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞት መጣ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለውድ እህቴ፣ ለማስታወሻ። ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም.» ይላል። ኮምፒውተሮቻችን የሚከተሉት የቀን አጻጻፍ ደረጃ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። በዚያ ሲሰላ ቀኑ ኦክቶበር 22 ቀን 1974 ነው። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከአስር ቀን። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን ከወረዱ ልክ 40 ቀን ሆኗል ማለት ነው።

ልጁ ቁጥሩን አየና ዝም አለ። ቆይቶ ነገሩን ነገረን። ወንድምየው ከዚያ ፎቶ በኋላ ደብዳቤ አልላከም፤ ተመልሶም አልመጣም። ቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን የሚያውቅበት የመጨረሻው ምልክት ያ የፎቶ ጀርባ ነው። ያ መዝገብ እንዳለ ቢቀር ኖሮ ሰውየው ከሰባት ዓመት በፊት የጠፋ ሆኖ ይቀር ነበር። ስህተቱ ደግሞ ስህተት አይመስልም፤ ትክክለኛ ቀን ነው የሚመስለው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን አደጋ የሚቀንስ ልማድ ነበራቸው። ብዙዎቹ መጽሐፉን ሲጨርሱ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳስጻፈው ያሰፍራሉ፤ የሚሰርቀውን ወይም የሚፍቀውን ሰው ያወግዛሉ። ዘመኑን ሲመዘግቡም ወንጌላዊውን የሚጨምሩ አሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስናካፍል 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1967 ሉቃስ ነው። ቁጥሩና ወንጌላዊው ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። እኛ ፕሮግራመሮች ቼክሰም የምንለው ዓይነት ነገር ነው። ተማሪዎቹ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ፤ ግን ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ የምንሰጠው የአባት ስም ነው። አንድ ሰው ኃይሉ ብሎ የመዘገበውን ሌላው ሀይሉ ብሎ ይፈልገዋል፤ አያገኘውም። ለአንባቢ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ኃ እና ሀ የየራሳቸውን ቁጥር ነው የያዙት። አንዳንድ ተማሪ ችግሩን ለመፍታት ሁሉንም ወደ ሀ ይለውጣል። እኔ አልፈቅድም። ባለቤቱ የጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ የሚሆነው ሌላ መስክ ላይ ይግባ። ለቀንም ያው ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው እንዳለ ይገለበጣል፣ የተሰላው አጠገቡ ይጻፋል፣ ያሰላው ማን እንደሆነም ይጠቀሳል።

ያ ተማሪ ሌላኛው ወጣት ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ገጠር ላሉት አያቱ ደወለ። መጀመሪያ «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። የልጁን ስም ያስታውሳሉ፤ የአባቱን ስም ግን ረስተውታል። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።

የመጨረሻውን ሥራ ሲያስረክብ ፎቶው ውስጥ ያሉ ሰዎች በሚለው ቦታ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «የአባት ስም አልታወቀም። ምንጭ፦ አያቴ፣ በስልክ»፤ የደወለበትንም ቀን ጨምሯል። መብት በሚለው መስክ ደግሞ «ለቤተሰብ ብቻ» ይላል። ፎቶውን ለክፍሉ በፕሮጀክተር ላሳይላቸው ወይ ብሎ አያቱን ሲጠይቃቸው እምቢ ብለውት ነበር። እኛም አላሳየነውም። መዝገቡን ብቻ አነበብን፤ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።