ከገጹ ግርጌ

ፒያሳ፣ ደረጃ ወርደን የምንገባበት ኢንተርኔት ቤት ነበረ። ክፍያው በደቂቃ ነው። ሥዕል የበዛበት ድረ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ የያዝኳት ሳንቲም ታልቃለች፤ የፕሮግራም ቋንቋው የፒኤችፒ ገጽ ግን ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ ስለነበረ ከተፍ ይላል። ከላይ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ መደብ፣ እዚያው ላይ ትንሽ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ከሥር ደቃቃ ፊደል። አያምርም የሚሉ ነበሩ። እኔ እወደው ነበር።

ፒኤችፒን ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ለርዶርፍ ለግል ገጹ ብሎ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሁሉም ሰጠው። ድረ ገጹም ቤት ያፈራውን እንደሚያቀርብ ሰው ነበር። ከአድራሻው ቀጥሎ የትእዛዙን ስም ብቻ ብትጽፉ ማብራሪያውን ያወጣላችኋል። መመሪያው እንዳለ በአንድ ፋይል ይወርዳል፤ እሱን በፍላሽ ይዤ ወጥቼ ኢንተርኔት በሌለው የቤቴ ኮምፒውተር ስንት ሌሊት አነበብኩ!

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ከየማብራሪያው ግርጌ ተጠቃሚዎች የሚተዉትን ማስታወሻ ነበር። አንድ ቀን «ሰላም» ብዬ ጽፌ ርዝመቱን በፒኤችፒ ትእዛዝ ብጠይቅ 9 አለኝ። ሦስት ፊደል እንዴት ዘጠኝ ይሆናል? ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ዘጠኝ። ወደ ግርጌው ስወርድ አንድ የማላውቀው ሰው ጽፎልኛል፦ ትእዛዙ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሰውየው ስለ አማርኛ አልጻፈም፣ አማርኛ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል፤ መልሱ ግን የእኔ ነበር። ከማስታወሻው ጋር ቀኑና ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ተጽፏል። ያኔ በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ይሆን እያልኩ አሰላ ነበር፤ እንደኔው እንቅልፍ አጥቶ ሲጽፍ ይታየኛል።

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ድረ ገጹ ታደሰ። መታደስም ነበረበት፤ አንባቢው ወደ ስልክ ሄዷል፣ ያ ደቃቃ ፊደል በስልክ አይነበብም። አሁን ገጹ በእጅ መዳፍ ልክ ይሰበሰባል፣ ፊደሉ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፒኤችፒ ስምንተኛው እትም ሲወጣ የድሮውና የአዲሱ አጻጻፍ ጎን ለጎን የሚታይበት ያማረ ገጽ ተሠርቶለት ነበር፤ ለጀማሪ ከእኔ ዘመን እጅግ ይቀላል። ለሠሩት ምስጋና ይገባል።

ባለፈው ሰሞን ታክሲ ውስጥ ሆኜ አድራሻውን ከነትእዛዙ በስልኬ ጻፍኩ። እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ከፈተልኝ። በጣቴ ወደ ታች ሳብኩት። ማስታወሻዎቹ አሉ፤ በድምፅ ብልጫ ተደርድረዋል እንጂ አልጠፉም። ቀንና ሰዓቱ በነበረበት ቦታ ግን «ከ20 ዓመት በፊት» ይላል።