ቁስሏን የጻፈች ከተማ



አውሮፓ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራችሁ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ደመወዙ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የጀርመን ከተማ ግድግዳና የእግረኛ መንገድ ነው። ከተማዋ ኮሎኝ ትባላለች። ስለ እሷ ስጽፍ ግን ሐሳቤ ኮቦ ላይ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነውና።

ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሐምሌ ላይ የሁለታችንም የዓመት ፈቃድ ገጠመልንና በወንዝ ላይ የሚሄድ የመንገደኞች መርከብ ያዝን። መርከቡ ማይን የተባለውን ወንዝ ይዞ ይወርድና ማይንትስ ከተማ አጠገብ ራይንን ያገኛል፤ ከዚያ ራይንን ተከትሎ እስከ ኮሎኝ ይዘልቃል። ረጅምና ዝቅ ያለ፣ መኝታ ክፍልና ምግብ ቤት ያለው ተንሳፋፊ ሆቴል በሉት። የምግቡን ነገር ለምትጠይቁኝ፦ አሳማም ሆነ አልኮል የነካው ነገር እንደማንበላ ቦታ ስንይዝ ነግረናቸው ነበር፤ ዓሣና አትክልት ለብቻ ያዘጋጁልን ነበር። ያስቸገረን ቂብላው ነው። ኮቦ ላይ ቂብላችን ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ በኩል ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ራይን በተራሮች መሀል ስለሚጠማዘዝ መርከቡ በታጠፈ ቁጥር ስልካችን ላይ ያለው ኮምፓስ አብሮ ይዞራል። ባለቤቴ «እኛ ቆመናል፤ ቂብላው ነው መንገድ የጀመረው» ብላ አሳቀችኝ።

ከቢንገን እስከ ኮብለንትስ ድረስ ግራና ቀኙ ገደል፣ የወይን እርሻና በየኮረብታው ጫፍ የቆመ አሮጌ ግንብ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ዓይኔ ውሃው ላይ ነበር። ለራያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ብርቅ ነው። የኛ ሆርማት ሜዳው ላይ በበጋ አሸዋ ነው፤ በክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ በድንገት እያጓራ ይመጣል። ገበሬው ያንን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባል። ጎርፍ ለኛ ሲሳይም ነው፣ አደጋም ነው።

ኮሎኝም ከወንዟ ጋር እንደዚያው ናት። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ50 የከተማነት ማዕረግ የሰጧት ጥንታዊ ከተማ ስትሆን አሮጌው ሰፈር የተቆረቆረው ራይን ዳር ነው። እዚያ ስትሄዱ በሕንፃዎቹ ላይ የተቀረጸ መስመርና ዓመት ታያላችሁ። ውሃው በዚያ ዓመት እስከዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 በረዶ ወንዙን ዘግቶት ውሃው 13.55 ሜትር ደርሷል። በ1995 ደግሞ 10.69 ሜትር። ዛሬ የወንዙ መለኪያ 8.30 ሜትር ካሳየ መርከብ ሁሉ ይቆማል፤ ሰዉም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ኮቦ ላይ «ጎርፉ ከተማ የገባው መቼ ነበር?» ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ «የእከሌ ልጅ በተወለደ ዓመት» ይሏችኋል። ልክ ናቸው። ችግሩ ያንን ልጅ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ዓመቱም አብሮ ማለፉ ነው።

ጎብኚ ሁሉ የሚሄድበት ትልቁ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው፤ ቁመቱ 157 ሜትር ነው። ዙሪያውን ያለው ከተማ ግን በአብዛኛው አዲስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮሎኝ ከ260 ጊዜ በላይ ከአየር ተደብድባለች፤ መሀል ከተማው ፍርስራሽ ሆኖ ነበር።

ጁሙዓን የሰገድነው ኤረንፌልድ በተባለው ሰፈር ባለው ማዕከላዊ መስጂድ ነው። በይፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን ንድፉን የሠራው ፓውል ቦም አያቱም አባቱም ቤተ ክርስቲያን በመንደፍ የታወቁ ሰው ነው። ከሶላት በኋላ በሰፈሩ ስንዘዋወር ባለቤቴ ድንገት ቆመች። የእግረኛው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ የመዳፍ ስፋት ያላቸው የነሐስ ድንጋዮች ተተክለዋል። ጎንበስ ብላ አነበበችልኝ፦ «እዚህ ይኖር ነበር» ይላል፤ ከዚያ ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተወሰደበትና የተገደለበት ቦታ። አንዱን ስታነብ ድምፅዋ ተቀየረ። «ይሄ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች።

እነዚህ ናዚዎች የገደሏቸው ሰዎች ናቸው፤ አይሁዶች፣ ሮማዎች፣ ሌሎችም። ሥራውን የጀመረው ጉንተር ዴምኒግ የተባለ አርቲስት ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከለው እዚሁ ኮሎኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ100,000 በላይ ሆነዋል። ልብ በሉ፦ በብዙ ቦታ ማን የት ይኖር እንደነበር መዝገብ አገላብጠው የሚያጣሩት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

መዝገብም ቢሆን ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፈር የከተማዋ ቤተ መዛግብት ተደርምሶ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። የብዙ መቶ ዓመታት ሰነድ ጭቃና ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ግን ወረቀቱን ከፍርስራሹ እየለቀሙ፣ እንዳይሻግት እያቀዘቀዙ፣ አብዛኛውን አተረፉት። ጥገናው ዛሬም አላለቀም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1966ቱ ረሃብና በ1977ቱ ድርቅ ስንት ራያ አለቀ? ጥቅምት 1977 ላይ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን ከኮቦ በላይ ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን አስለቅሷል። ዓለም ፊታቸውን አየ። ስማቸውንስ? በጳጉሜን 2013 ኮቦና ዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎች ሰላማዊ ልጆቻቸውን ቀበሩ። ማን እንደሞተ የቤቱ ሰው ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ቀብሩን የቆፈረው ያውቃል። እነዚህ እስካሉ ድረስ ነው የምናውቀው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ብዙ ሰው ሞቷል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በቁጥር ላይ ሰው ይከራከራል፤ ቁጥር ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና ሰፈር የተጻፈለትን ሰው ግን «አልነበረም» ማለት ይከብዳል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የበድርና የኡሑድ ሸሂዶችን የሲራ ጸሐፊዎች ስም በስም፣ ከነጎሳቸው መዝግበውልናል። ከ1,400 ዓመት በኋላም በስማቸው እናውቃቸዋለን። ቀብር ላይ ስለ መጻፍ እያወራሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ያ የዑለሞቻችን ጉዳይ ነው። የኔ ጉዳይ ደብተር ነው።

ኮቦ፣ ሮቢት፣ ጎብየ፣ ዋጃ ላላችሁ ወጣቶች የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። በየሰፈራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሰው አምስት መስመር ይበቃል፦ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የሞተበት ቀን፣ ይህን የነገራችሁ ሰው። ከዕድር መዝገብ ጀምሩ፤ ዕድራችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነውና ሳትለዩ ጻፉ። ሐዘንተኛን አታጣድፉ፤ ዛሬ አልችልም ያለች እናት ካለች ሌላ ቀን ተመለሱ። የማታውቁትን ክፍት ተዉት፤ በግምት አትሙሉ። ለበቀል አትጻፉ፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ሲያልቅ በሁለት ቅጂ አድርጉትና በሁለት ቤት አስቀምጡት፤ አንድ ቤት ብቻ ያለ ወረቀት ምን እንደሚደርስበት ኮሎኝ አይታዋለች።

እኔ በበኩሌ ከእናቴ ጋር በስልክ ጀምሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከኛ ሰፈር ብቻ አሥራ አንድ ስም ነገረችኝ። በማግስቱ ራሷ ደወለችና «አንዱን ረስቼው ነበር፤ ጻፈው» አለችኝ።

አላህ ላለፉት ይዘንላቸው፤ ለቀሩት ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።