ቃል የማይደግመው በቀቀን

በቀቀን ሲባል መቼም አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ከወፉ በፊት ስድቡ ነው። ነገሩ ሳይገባው የሰማውን የሚያስተጋባ ሰው «በቀቀን» ይባላል፤ ሸምድዶ የሚፈተን ተማሪም ከዚህ ስም አያመልጥም። ወፉን ራሱን ግን የሩቅ አገር ፍጡር አድርገን ነው የምንቆጥረው። ወይ በደቡብ አሜሪካ ደን ይኖራል፣ ወይ በባለጸጋ ሳሎን በሽቦ ቤት ተዘግቶ ይለፈልፋል።

የእኛው በቀቀን እንዲህ አይደለም። «የፍቅር ወፎች» ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 በሳይንስ መዝገብ ሲገባ በኤርትራ የታራንታ ተራራ ስም ተጠራ። ትንሹ የደቡብ አሜሪካ ማካው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ የእኛው 16 ብቻ ነው። ገላው ቅጠልያ፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። ወንዱ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ሲቀላ፣ የሴቷ ራስ ከምንቃሯ በቀር ሁሉም አረንጓዴ ነው። ቅጠል መሐል ከገባ ድምፁ ካላጋለጠው በስተቀር ዓይን አያገኘውም።

ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ያለበትን ደጋ ይወዳል፤ የሾላና የጽድ ፍሬ ይለቅማል። ጎጆ የሚለው ግን ቀዳዳ ነው፦ በዕድሜ የተቦረቦረ ግንድ፣ ወይም ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወው። ሌሊቱንም እዚያው ተጠጋግቶ ያድራል።

እኔ ያደግሁባት ሐረር እንግዳ ሲመጣ ማታ ጅብ ሲበላ፣ ቀን ደግሞ ጭልፊት ከሥጋ ተራ ሲሞጨልፍ ታሳያለች። ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያረጀ ዛፍን ግን ማን ይመዘግበዋል? በከተማዋ ዙሪያ ጫት ማሳውን ይዞታል፤ ባሕር ዛፉም ቀዳዳ የሚያበጅበት ዕድሜ ሳይደርስ ይቆረጣል።

አንድ ጊዜ ከግንቡ ውጭ ባለው ሰፈራችን አንድ አዛውንት ጎረቤት የግቢያቸውን ሾላ ሊያስጥሉ መጋዝ አስመጡ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውስጡ እኮ ባዶ ነው። ምን ይረባኛል? አንድ ቀን ጣሪያዬ ላይ ይወድቃል» አሉኝ።

ስለ ጣሪያው እውነታቸውን ነበር። ባዶ ያሉት ግን ባዶ አልነበረም። ሾላው ከወደቀ በኋላ ሁለት አረንጓዴ ወፎች ያ ቀዳዳ በነበረበት አየር ላይ ሲዞሩ ዋሉ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ በብዛት እንተክላለን። ደግ አደረግን። ይሁን እንጂ ችግኝ በአንድ ክረምት ይተከላል፤ ወፍ የሚያስጠልል ቀዳዳ ያለው ዛፍ ግን የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። የተከልነውን እየቆጠርን የቆረጥነውን ካልቆጠርን ሒሳቡ አይገጥምም።

እናም አንባቢዬ፣ በግቢዎ ያረጀ ዛፍ ካለ ከመጣልዎ በፊት ቀና ብለው ቀዳዳውን ይመልከቱ። የሚያሰጋው ቅርንጫፍ ብቻ ተከርክሞ ግንዱ ሊተርፍ ይችላል። ይህ በቀቀን ቃላችንን ደግሞ አያዝናናን ይሆናል፤ ቤቱ ሲፈርስበትም አቤት አይልም። አቤት የምንልለት እኛው ነን።