ሔዋን የደበቀቻቸው ልጆች

ዛሬስ ስለ ሥራዬ አልጽፍም ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ እየጻፍኩ ስሄድ ግን ሥራው ራሱ መጣብኝ። እንግዲህ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሻባት ሳይገባ፣ እንደ ልማዳችን ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ እዚሁ አሽዶድ ነው የምትኖረው፣ ከእኛ ሁለት ሮቫ ራቅ ብላ። ዳቦው ለሻባት ተጋግሮ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ቡናው ተፈልቷል። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ባት ሚጽቫዋን ታደርጋለች። ትምህርት ቤት «ከታሪካችን አንዲት ሴት መርጣችሁ አቅርቡ» ተብለው እሷ የመረጠችው ሳራን አይደለም፣ አስቴርንም አይደለም፤ ሊሊትን ነው።

«ሳቭታ፣ አዳም ከሔዋን በፊት ሌላ ሚስት እንደነበረችው ታውቂያለሽ?» ብላ በዕብራይስጥ ጀመረች። እኔ መሐል ተቀምጬ አስተረጎምኩ። (ይህን ሥራ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ነው የያዝኩት፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ።)

ታሪኩን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ይላል፤ ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ሴቲቱ ከአዳም ጎን ትወጣለች። ታዲያ የመጀመሪያዋ የት ደረሰች? «የቤን ሲራ ፊደል» የሚባል የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የተጻፈ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዋ ሊሊት ናት ይላል። ከአንድ አፈር ነው የተሠራነው፣ ከሥርህ አልተኛም ብላ ከአዳም ተጣላች። የፈጣሪን ስም ጠርታ በረረች። ሦስት መላእክት ተላኩባት፤ ሰኖይ፣ ሳንሰኖይ፣ ሰማንግሎፍ። አልመለስም አለች። ወንድ ልጅ ሲወለድ እስከ 8 ቀን፣ ሴት ስትወለድ እስከ 20 ቀን ሥልጣን አለኝ፣ የእናንተ ስም የተጻፈበት ክታብ ያለበትን ሕፃን ግን አልነካም ብላ ማለች።

እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «ይቺማ ወርዝልያ ናት፤ ስሟን ቀይራ ነው እንጂ» አለች።

እኔ ገረመኝ። ወርዝልያን ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አገር ቤት፣ ወገራ፣ አራስ ባለችበት ቤት ይህ ስም ድምፅ ተቀንሶ ነበር የሚጠራ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደብተራ ያጽፉ ነበር፤ ክታቡ ላይ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ ወርዝልያን በጦር ሲወጋት ተሥሏል። ሕፃናትን ትገድል ነበር፣ የእሱንም ልጅ ገደለችበት፤ በመጨረሻ ስምህ ባለበት አልደርስም ብላ ማለች። የሁለቱ መሐላ አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። ስሞቹም ይቀራረባሉ፤ ሳንሰኖይ፣ ሱስንዮስ። የጥንት ክታቦችን የሚያጠኑ ሰዎች ሁለቱን ካዛመዱ ቆይተዋል። የእኛም ሰው ቢሆን፣ ቄሶቹ ባይወዱትም፣ ተደብቆ ያጽፍ ነበር። አያቴ አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ነገር ነበራት፤ ምን እንደሆነ ጠይቄ ተቆጥተውኛል።

ልጄ ግን የመጣችው ሌላ ነገር ይዛ ነው። ለእሷ ሊሊት ጀግና ናት፤ እምቢ ያለች። ብቻዋንም አይደለችም፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የአይሁድ ሴቶች በ1976 ያቋቋሙት መጽሔት ስሙ «ሊሊት» ነው። ይህንንም ለእናቴ ተረጎምኩላት። ስኒውን አስቀመጠችና «ልጅ ገዳይ ምኗ ይወደዳል?» አለች። ልጄ ዝም አለች። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ልጄ ይህን አታውቅም ነበር፣ እኔም ያን ጊዜ አልተረጎምኩትም።

በእኛ ዘንድ ሊሊት ያልነበረችው ታልሙድ ስላልነበረን ብቻ አይመስለኝም። የእኛ አባቶች ለዚያው ጥያቄ ሌላ መልስ ነበራቸው፤ መጽሐፈ ኩፋሌ። ኩፋሌ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ በጨው ባሕር ዳር ዋሻዎች ውስጥ ተገኝቷል። እዚያ አዳም በመጀመሪያው ሳምንት ተፈጠረ፣ ሔዋን በሁለተኛው ሳምንት ታየችው። አዳም በ40 ቀኑ ገነት ገባ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ። ሁለት ሚስት አያስፈልግም፣ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ግን ያ ቁጥር መጽሐፍ ላይ አልቀረም። እናቴ እኔን ስትወልድ 40 ቀን፣ እህቴን ስትወልድ 80 ቀን ጎጆ ተቀምጣለች።

ያንን 80 ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎጆዋ ዙሪያዋን በድንጋይ ታጥራለች። ምግብ ይዤ እሄዳለሁ፣ ድንጋዩ ጋ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ብነካት እስኪመሽ ቤት አልገባም። የወር አበባዋን የምታይ ሴት የምትቆይበት ደግሞ «የመርገም ጎጆ» ይባል ነበር። ስሙን ሳስበው እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ግን ከዚያች ጎጆ የሴቶች ሳቅ ይሰማ ነበር። እናቴ «ዕረፍቴ እሱ ነበር፤ ውኃ አልቀዳ፣ እንጨት አልለቅም» ትላለች። ደግሞ ሌላ ቀን ጠይቋት፣ በክረምት ዝናብ ሲያፈስ ያሳለፈችውን ሌሊት ትነግራችኋለች። ሁለቱም እውነት ነው።

በ1991 ግንቦት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጣነው አሥራ አራት ሺህ ሰዎች ውስጥ እኛም ነበርን። ሆቴል አስገቡን። ጎጆ የለም። እናቴ ጊዜዋ ሲደርስ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታድራለች፤ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ግቢ፣ ግቢ ትላታለች፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ እንዴት ብዬ ልተርጉመው? «አሟታል» አልኩ። የመጀመሪያው የተሳሳተ ሪፖርቴ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ዓርቡ ልመለስ። እናቴ የልጄ ፊት መጥቆሩን ስታይ፣ «በይ እኔም የእኛን ሔዋን ልንገርሽ» አለቻት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆችሽን ላያቸው እመጣለሁ አላት። አሥራ አምስቱን፣ ያውም ቆንጆ ቆንጆዎቹን፣ ደበቀች። የቀሩትን አሳየች። እነዚህ ብቻ ናቸው? አላት። አዎ አለች። እንግዲያው የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። እነሱ ናቸው ዛር የሆኑት፤ ወንድም እህቶቻችን ናቸው፣ እኛ አናያቸውም፣ እነሱ ያዩናል። በእኛ ብርሃን ይቀናሉ። (ጀርመን አገር የግሪም ወንድማማቾች በሰበሰቡት ተረት ውስጥም ሔዋን ልጆች ትደብቃለች፤ እዚያ ግን የምትደብቀው መልከ ጥፉዎቹን ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ሳቀች። «ፈረንጅ! መልከ ጥፉ ማን ይሰርቃል?»)

«አየሽ ሳቭታ፣ እሷም አምፃለች!» አለች ልጄ።

«ምን አመፀች? ፈራች እንጂ። ካያቸው ይወስድብኛል ብላ ነዋ።»

ይህን ስትል እኔ መተርጎም አቃተኝ። አማርኛው ጠፍቶኝ አይደለም። ቦርሳ ይዞ በር የሚያንኳኳ፣ «ልጆችሽን አሳዪኝ» የሚል ሰው፣ በዚህ ከተማ እኔ ነኛ።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ ሥራ እንደጀመርኩ፣ አንዲት የእኛው እናት ቤት ተላክሁ። ሌሊት ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ታወራለች፣ ሽቶ አምጡልኝ ትላለች፣ አንዳንዴ ታጓራለች ተብሎ ተነግሮብን ነው። ቤቱ ንጹሕ ነበር። ልጆቹ በልተዋል። እንደ እናት ተቀበለችኝ፣ ቡና አፈላችልኝ። ያየሁትን አውቄዋለሁ፤ ባለ ዛር ናት። ሰበቡ ሽቶ፣ ቡና፣ ቀለበት፤ ይህን ማን ከእኛ የማያውቅ አለ? ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ እንኳ በ1932 ጎንደር ከርሞ ጽፎታል። እኔ ግን ዛር ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። በጥሩ ዕብራይስጥ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለች» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። በዚያች መስመር ሁለቱ ትንንሾቹ ስምንት ወር ሌላ ቤት አደሩ።

ዛር የተባለ ሁሉ ሐኪም አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም፤ ሐኪም ዘግይቶባቸው የተጎዱ እናቶችም አይቻለሁ። ነገር ግን «እትዬ፣ ማነው የያዘሽ? ስንት ዘመንሽ ነው? ሲመጣ ልጆቹን ማን ይይዝልሻል?» ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ሦስት ጥያቄ ነው። ልጆቹ ተመልሰዋል፤ ዛሬ ትልልቅ ሆነዋል። እሷ ገበያ ስታየኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ግን መንገዱን ትሻገራለች።

ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ዓርብ ዕለት ነገርኳት። ዝም ብላ ቀዳች። እናቴ ሁልጊዜ ከቆጠራችን አንድ ስኒ ታስበልጣለች፤ ልጅ ሆኜ ለእንግዳ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የጣቷን ቀለበትም ስታጥብ እንኳ አታወልቀውም።

«እማዬ፣ ይቺ ስኒ የማን ናት?» አልኳት።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ ዛሬ ምን ሆንክ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ትጽፈዋለህ ብዬ ነዋ» አለች፣ ሳትቆጣ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞር ብላ «ተነሽ የኔ ልጅ፣ ሻባት ሊገባ ነው፣ ስኒውን ሰብስቢ» አለቻት። ልጄ የእኔንም፣ የእሷንም፣ የአያቷንም አንስታ ሄደች። አራተኛዋን አልነካቻትም።