ትልቅ ፍሬ የሚሰጠውን የቲማቲም ዘር ስለ መምረጥ

ሰው በጠባዩ ትልቅ ነገርን ይወዳል። በገበያም ሆነ በአትክልት ቦታ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው። እኛም በአዲስ አበባ በቤታችን ጓሮ ጥቂት ቲማቲም የምንተክል ስለ ሆነ፥ በየዓመቱ ዘር በምንመርጥበት ጊዜ ይህ ፍቅር ይፈትነናል። ስለዚህ ትልቅ ፍሬ ከምን እንደሚገኝ፥ ለማንስ እንደሚጠቅም ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

የቲማቲም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የዱሩ ዐይነት ፍሬ ከሽምብራ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሲቈረጥም በውስጡ ሁለት የዘር ክፍሎች ብቻ ይታያሉ። በደቡብ አሜሪካና በሜክሲኮ የነበሩ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ትልልቁን እየመረጡ በመዝራታቸው ክፍሎቹ እየበዙ፥ ፍሬውም እየሰፋ ሄደ። ዛሬ ሮማ የሚባለው ሞላላ ቲማቲም ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሲኖረው፥ ማርማንድ የተባለው የፈረንሳይ ዘርና ብራንዲዋይን የተባለው የአሜሪካ ዘር ብዙ ክፍል ስላላቸው ፍሬያቸው ሰፋፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በኦክላሆማ ዴሊሽየስ ከተባለው ዘር የተገኘ አንድ ፍሬ 3 ኪሎ ከ510 ግራም መዝኖ ነበር። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንደ ተባለ፥ ሮማን የዘራ ሰው ምንም ያህል ፍግ ቢያፈስ ይህን የመሰለ ፍሬ አያገኝም።

ነገር ግን ዘር ብቻውን አይበቃም፤ ቦታውም ሊስማማው ይገባል። ትልልቅ ፍሬ የሚሰጡት ዐይነቶች ብዙዎቹ ረዣዥም ስለ ሆኑ የድጋፍ እንጨት ይሻሉ፤ ዘግይተው የሚደርሱትም ከተተከሉ በኋላ 80 ቀንና ከዚያም በላይ ይቈያሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስላላት ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሲወርድ አበባው ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል፤ የያዘውም ጠባሳ የበዛበትና የተጣመመ ሊሆን ይችላል። ይህ ጕዳት ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በትልልቆቹ ላይ ነው። ክረምት ሲገባም ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያጠቍር በሽታ ይመጣል። ስለዚህ እኛ ዘሩን በታኅሣሥ በቤት ውስጥ በሣጥን ላይ እናፈላለን፤ ችግኙንም በጥር መጨረሻ ወደ መሬት እናዛውራለን። ይኸውም ሰኔ ሳይገባ ፍሬው እንዲደርስልን ነው። ከትልልቆቹም መካከል ማርማንድን የመረጥነው ከብራንዲዋይን ቀድሞ ስለሚደርስና ብርዱንም ስለሚታገሥ ነው።

ከሁሉ የከበደን ጥያቄ ግን ከየዐይነቱ ስንት ግንድ እንትከል የሚለው ነበር። ከፍሬያችን ገሚሱን ወስደው በጉልት የሚሸጡ በዕድሜ የገፉ ጎረቤት አሉን፤ የዕለት እንጀራቸውም ከዚያው ነው። ዘሩን ከማፍላታችን በፊት አማከርናቸው። «ልጆቼ፥» አሉን፥ «ትልቁ ለዐይን ያምራል። እኔ ግን የምሸጠው በመደብ ነው፤ አምስት አምስት ፍሬ እደረድራለሁ። ትልቁን በስንት ከፍዬ ልደርድረው? ከተሰነጠቀብኝማ የዕለት ትርፌ ሄደ። ሮማው ሦስት ሌሊት ቢያድርም አይከዳኝም።»

የተናገሩት እውነት ነው። ትልቁ ፍሬ ቆዳው ስስ፥ ውሃው ብዙ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ከቈየ በኋላ ውሃ በድንገት ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ሮማ ሥጋው ወፍራም ስለ ሆነ መንገድንና ማደርን ይችላል፤ ለወጥም ይመረጣል። ስለዚህ ከ12ቱ ግንዶች 8ቱን ሮማ፥ 4ቱን ማርማንድ አደረግን። ማርማንዱ በጾም ቀን ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ ለገበታችን ይቀርባል። በየዘለላው ሦስት ፍሬ ብቻ ትተን የቀረውን በለጋነቱ ስለምንቀነጥስ የተረፈው ይበልጥ ይወፍራል፤ ውሃውንም ሳናቋርጥ በልክ እናጠጣለን።

ለከርሞ ዘር የሚያስቀር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል። በአንድ ግንድ ላይ ያሉት ፍሬዎች፥ ትልቁም ትንሹም፥ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ጠባይ አንድ ነው። ስለዚህ አንዱን ግዙፍ ፍሬ ከማድነቅ ይልቅ ግንዱን በሙሉ መመርመር ይሻላል። ፍሬዎቹ ሁሉ የተስተካከሉ፥ ያልተሰነጠቁና ከበሽታ የዳኑ ከሆኑ ዘሩ ከእርሱ ይወሰድ። ማርማንድና ሮማ ለዚህ ይመቻሉ፤ ከመደብር የተገዛ የተዳቀለ ዘር ግን ልጁ ወላጁን ስለማይመስል ለከርሞ ማስቀመጡ አይጠቅምም።

እንግዲህ ትልቅ ፍሬ መመኘት ነውር የለበትም። ቢሆንም ዘር የሚመርጥ ሰው «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ከማለቱ በፊት «ማን ይበላዋል? ማንስ ይሸጠዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ጎረቤታችን ዘንድሮ ሮማቸውን በሰላም ሸጠዋል፤ ከማርማንዱም ሁለት ፍሬ ለቤታቸው ልከንላቸዋል።