ማታ ማታ አገር የሚሰጥባት ወልድያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 520 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ወልድያ ይደርሳል። ብዙው መንገደኛ ግን ወልድያን የሚያውቃት በመሸጋገሪያነቷ ነው። ላሊበላን ሊሳለም የሚሄደው በዲልብና በጋሸና በኩል ይታጠፍባታል፤ ወደ ቆቦ የሚወርደው ነጋዴ ምሳውን በልቶባት ያልፋል፤ ወደ ደሴ የሚመለሰውም ሳይመሽበት ለመግባት ይቸኩላል። ስለዚህ የወልድያ ስም በተነሣ ቍጥር የሚወራው መንገዷና ገበያዋ ነው። እኛ ግን ለዚህ ለቤተ ሰብ ገጽ ልናቀርብ የወደድነው፣ በር ከተዘጋና ከብቱም ሰውም ከገባ በኋላ በቤቶቿ ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ማታዋ ጋቢ ያስደርባል፤ መርሳ ግን ዝቅ ብላ የተቀመጠች ሙቅ አገር ናትና ማንጎውም ብርቱካኑም ፓፓያውም ይስማማታል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ለዝናብ አጠር አገር የሚስማማ የማሽላና የጤፍ ዘር የሚመረመርባት ሲሪንቃ አለች። የአንዱ ቤተ ሰብ ወንድም በወልድያ ደመወዝተኛ ቢሆን ሌላው በመርሳ አትክልት ያለማል፤ አንዱ ክርስቲያን ሌላው እስላም ቢሆንም ዘመድነቱን የሚያስቀርበት የለም። ይህ በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛ በእንግድነት ያደርንበትም ቤት እንዲሁ ያለ ነው። ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹና እናቱ አብረውት ይኖራሉ። የሚስቱም አጎት ከመርሳ በመጡ ቍጥር አንድ ዘንቢል ማንጎ ሳይዙ አይገቡም። እራት ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ቡናው ይቀርባል። አያት እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ትልቋ ልጅ የጀመረችውን ሙዳይ ትሰፋለች፤ አባትና ታላቁ ወንድ ልጅ ገበጣ ይጫወታሉ። (ስለ ገበጣ ብዙ አንጽፍም፤ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶቹን መዝግቦታል፤ ጨዋታውን ማየት ለሚወድ ሰው ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የልጁን ፊት ማየት ይበልጥበታል።) አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲወርድ ይህ ሁሉ ይቆምና ታናሺቱ ልጅ፦

«እንቆቅልህ!» ትላለች።

«ምን አውቅልህ!» ይላል ቤቱ ሁሉ።

የእንቆቅልሽን ደንብ የማያውቅ አንባቢ አለ አንልም፤ ሆኖም በልጅነቱ ተጫውቶት የረሳው ሊኖር ይችላልና እናስታውሳለን። የተጠየቀው ሰው መልሱን ካጣው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተሸናፊው አንድ አገር ይሰጠዋል። ጠያቂውም ወደ ተሰጠው አገር እንደ ሄደ ሆኖ በዚያ ያገኘውን ደስታ፣ የበላውንና የጠጣውን ያወራል፤ በተሸናፊውም ላይ ይሳለቃል፤ መልሱንም የሚገልጸው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ቤት ጨዋታው ሲጀመር አንቱታ ይቀራል፤ ሕፃኒቱ አያቷን እንኳ ያለ ፍርሃት ትሳለቅባቸዋለች፤ በረካው ሲጠጣ አንቱታው ተመልሶ ይመጣል።

የቀረቡትም እንቆቅልሾች ከደጃቸው የተለቀሙ ነበሩ። ታናሺቱ «ልብሷ አረንጓዴ፣ ሆዷ ወርቅ፣ ልቧ ድንጋይ» ብላ ጠየቀች፤ ዘንቢሉ ከፊታችን ስለ ነበረ እኛም ሳንቀር ማንጎ መሆኗን አወቅን። ወንዱ ልጅ «ተኝቶ ሳለ ከደሴ ወልድያ የሚደርስ» አለ፤ ይህ ግን አጎቱን አሸነፋቸው። በመኪና ሲመጡበት የዋሉትን መንገድ ነው ሲባሉ አጎት ራሳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ውጫሌንም ሰጡ።

አባትየው ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። ውጫሌ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሟን ይዞ በዓለም እንደ ታወቀ፣ የውሉም 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ቢፈቅዱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ከሌሎች ነገሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት እንደ ተገኘ፣ ከዚህም የተነሣ ነገሩ እስከ ዓድዋ እንደ ደረሰ ለልጁ አስረዳው። «ስለዚህ ውጫሌን ስትቀበል ቃሉን አይተህ ተቀበል» አለው። ልጁ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮት እንደ ሆነ አልጠየቅነውም፤ ነገር ግን አገሪቱ የእርሱ ሆና በተሰጠችው ማታ እንደ ሰማው ሆኖ የሚሰማው አይመስለንም።

ይህ አገር የመስጠት ጨዋታ በየጁ ምድር መጫወቱ አንድ ሌላ ነገር አሳሰበን። የወልድያ አካባቢ የየጁ መሳፍንት ትውልድ አገር ነው። በዘመነ መሳፍንት ደብረ ታቦር ተቀምጠው ይገዙ የነበሩት እነ ራስ ጉግሣ ከዚህ ዘር ናቸው፤ የመጨረሻውም ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በካሳ፣ ኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል እስኪሆኑ ድረስ ጉልትም ሹመትም ከእጃቸው ይወጣ ነበር። እነዚያ በእውነት የሰጡትን አገር ዛሬ የዚያው ወረዳ ልጆች ለማንጎና ለመንገድ እየለወጡ በአፍ ይሰጡታል።

ይሁን እንጂ ጨዋታውን በሳቅ ብቻ ተናግረን እንዳናልፈው የሚከለክል ነገር በዚያው ቤት ሰምተናል። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ ነበርና በአንድ ቤት ያለ በሌላ ቤት ያለውን ዘመዱን ደኅንነት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አባትየው ሁለቱን ታላላቅ ልጆች ይዞ አስቀድሞ ወደ ደሴ ወርዶ ነበር፤ አያትና እናት ከታናሺቱ ጋር ቀሩ። ሕፃኒቱ ያን ጊዜ 7 ዓመቷ ነበረ። በጨለማ ተቀምጠው፣ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ዝግ ብለው፣ እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር። አያት ጠይቀው ሲያሸንፉ «አገር ስጪኝ» ይላሉ፤ ልጅቱም ደሴን ትሰጣቸዋለች። አያትም ደሴ እንደ ገቡ ሆነው አባቷን እንዳገኙት፣ ልጆቹም እንደ በሉና እንደ ጠገቡ፣ ወንድሟም ስለ እርሷ እንደ ጠየቀ ይነግሯታል። ኋላ ደሴም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መያዟ በተሰማ ጊዜ ልጅቱ ደሴን መስጠት ተወች፤ ደብረ ብርሃንን ሰጠች፣ ቀጥሎም አዲስ አበባን ሰጠች። አያትም ወደ ሰጠቻቸው ሁሉ እየሄዱ የልጃቸውን ወሬ ያመጡ ነበር። እናትየው ይህን ስትነግረን «እኔም እውነት እየመሰለኝ አዳምጥ ነበር» አለችን። አባትየውና ልጆቹ በደኅና የተመለሱት በጥር ወር ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አንድ ደንብ ወጥቷል፤ ደንቡንም ያወጣችው ታናሺቱ ናት። ተሸናፊ የሆነ ሰው ጎንደርንም ሐረርንም፣ ከፈለገም ሎንዶንን መስጠት ይችላል፤ ወልድያን ግን አይሰጥም። በዚያ ማታ አንድ ጊዜ ተሸንፈን፣ ያደርንባትን አገር ማክበር መስሎን «ወልድያን» ብንል፣ ቤቱ በሙሉ «አትሰጥም!» ብሎ ጮኸብን። ምክንያቱን የነገሩን ከዚህ በኋላ ነው። እኛም ስለ ወልድያ ፈንታ አንኮበርን ሰጥተን ተፈታን።

በረካው ሊወርድ ሲል አያት እንዝርታቸውን ከጉልበታቸው ሳያወርዱ «እንቆቅልሽ» አሉ፤ «እየዞረች የምትጨፍር፣ በጨፈረች ቍጥር የምትወፍር።» ልጆቹ ጀበናውንም ድመቲቱንም ጠሩ፤ በአያታቸው እጅ ያለውን ግን አንዳቸውም አላዩም። «አገር ስጡኝ» ቢሉ ወንዱ ልጅ ላሊበላን ሰጠ።

«ላሊበላንስ ተሳልሜ መጥቻለሁ፤ ሌላ።»

«ሐይቅን።»

«የለም፣ ሲሪንቃን ስጡኝ፤ ተወልጄባታለሁ።»

ይህን ጊዜ የመርሳው አጎት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ሲሪንቃ ባለፈው ሳምንት ለእኔ ተሰጥታለች፣ ምስክርም አለኝ ብለው ተነሡ። አያት ለባዕድ የተሰጠ አገር አይጸናም አሉ፤ አጎት ባዕድነቴ ከምን ላይ ነው፣ ማሳችን ድንበርተኛ አይደለምን ብለው መለሱ፤ ልጆቹም ከሁለት ተከፍለው ለሁለቱ ይሟገቱ ጀመር። እኛ ወደ መኝታችን ስንሄድ ክርክሩ ገና አልተቆረጠም ነበር፤ የእንዝርቱንም መልስ እስከዚያ ድረስ የጠየቀ ልጅ አልነበረም።