ችካል በጣና ዳር

ጣናን ከባሕር ዳር ሆኖ የሚያየው እንግዳ ስፋቱን እንጂ ጥልቀቱን መገመት ይቸግረዋል። ቁመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሐይቅ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ዳሩ ላይ፣ ደንገል በሚበቅልበት ሁሉ፣ ውሃው ከጉልበት እስከ ደረት ነው። ከዚሁ ደንገል የሚሠራው ታንኳ ነገር ሲነሳ ሰው አብዝቶ የሚያወራው ስለ አሠራሩና ስለ ቀዘፋው ነው። እኔ ግን የመጣሁት አጥማጆች በዚህ ስስ ውሃ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ ለማየት ነው። መቅዘፍ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ነፋስ እየገፋው ባለበት መቆም ግን የሐይቁን ወለል ማወቅ ይጠይቃል።

ግንቦት ነው። ውሃው ሸሽቶ ዳሩ ላይ ጥቁር ጭቃ ተጋልጧል። ወደ ደብረ ማርያም ደሴት የሚሻገሩ ሰዎች ከሚሳፈሩበት፣ ከዓባይ መውጫ ብዙም ከማይርቀው ዳርቻ ላይ፣ አንድ ሸምገል ያሉ አጥማጅ የባሕር ዛፍ እንጨት ጭናቸው ላይ አጋድመው ቅርፊቱን ይልጣሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ችካል ነው፣ ልጄ። ለጀልባዬ ማቆሚያ። ጊዜ ካለህ ቁጭ በልና እይ።»

እንጨቱን የመረጡት ከእንጨት ተራ ነው። ለቤት ከሚሸጠው ማገር ወፈር፣ ከቋሚው ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ሙሉ እጅ ሲጨብጡት የሚሞላ። እርጥቡን አይወዱትም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ የተጣመመ ችካል ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጉድጓዱን እያሰፋ ስለሚወርድ አይጠብቅም ይላሉ። ቅርፊቱን አጥርተው የሚልጡትም በምክንያት ነው። ጭቃው ሻካራውን ቅርፊት ከያዘ አመሻሽ ላይ ችካሉን መንቀል ከዓሣው በላይ ያደክማል።

ቁመቱን የሚለኩት በገዛ አካላቸው ነው። «ውሃው እስከ ወገብህ ነው እንበል። ጭቃው ውስጥ ክንድ ከስንዝር ይግባ። ከውሃው በላይ ደግሞ ለእጅህ አንድ ክንድ ይትረፍ።» ሦስቱ ሲደመሩ ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ደረት በሚደርስ ውሃ የሚሠራ ሰው ሦስት ሜትር የሚጠጋ እንጨት ያስፈልገዋል። ከዚያ ካለፈ ግን እንጨቱ ይለመጣል፣ ጀልባው ውስጥ ማስቀመጡም ያስቸግራል፤ ያኔ ወደ መልህቅ መሄድ ይሻላል።

ጫፉን ሲያሾሉት ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር እጃቸው አለመቸኮሉን ነው። እርሳስ የመሰለ ረጅም ሹል ለስላሳ ጭቃ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉም ይወጣል። ስለዚህ አጠር አድርገው፣ ከአንድ ስንዝር ሳያስበልጡ፣ በአራት ጎን ጠረቡት። ከዚያ ጫፉን ከፍም ላይ እያገላበጡ ጠበሱት። እሳቱ የላይኛውን እርጥበት ስለሚያወጣው እንጨቱ ይጠነክራል፣ ቶሎም አይበሰብስም። ጠጠር ባለበት ዳር ለሚቆም ጀልባ ደግሞ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ጫፉ ላይ ይሰካሉ። የችካሉ ራስ ላይ በመሮ ቀዳዳ አውጥተው አጠር ያለ እንጨት በአግድሙ አሳለፉበት። መጫኛውም መንቀያውም ይህ እጀታ ነው።

በምስማር ለምን አልመቱትም ብዬ ስጠይቃቸው እጀታውን ይዘው ግራና ቀኝ አዞሩልኝ። ጭቃ ውስጥ የገባ እንጨት የሚያስቸግረው በክብደቱ አይደለም፤ ጭቃው ዙሪያውን ጠብቆ አየርና ውሃ ስለማያስገባ ወደ ታች ይስበዋል። ቀጥ ብሎ ከመጎተት በፊት አዙሮ ማላላት ያስፈልጋል። በምስማር የተመታ እጀታ በዚህ መጠምዘዝ ሁለት ሳምንት አይቆይም። በሌላው ዓለም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ከፋይበር የተሠሩ ዘንጎች በሱቅ ይሸጣሉ፤ እነሱም ላይ ያለው እጀታ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከአዊ የሚመጣውን ቀርከሃ የሚመርጡም አሉ። ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለም ነው። ችግሩ ውስጡ ባዶ በመሆኑ ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል። መላው ቀላል ነው፦ የጋለ ብረት አስገብቶ አንጓዎቹን መብሳትና ውሃ እንዲገባበት ማድረግ።

ከቀትር በኋላ አብሬያቸው ወጣሁ። ጠዋት ጸጥ ብሎ ያረፈደው ሐይቅ በዚህ ሰዓት ይነሳል፤ የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ጀልባውን ፊት ለነፋሱ ካዞሩ በኋላ ችካሉን ከአፍንጫው በኩል ተከሉት። ሲተክሉት ቀጥ አላደረጉትም፤ ራሱን ከጀልባው ወደ ወዲያ፣ ወደ ነፋሱ፣ አዘንብለው ነው። ገመዱ ሲጎትት እንጨቱን ለመንቀል ሳይሆን ወደ ጭቃው ለማስጠጋት እንዲሠራ ነው። ገመዱንም ያሰሩት ከእጀታው ሥር ሳይሆን ዝቅ አድርገው፣ ከውሃው ፊት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ከላይ ቢታሰር እያንዳንዱ ማዕበል ችካሉን እንደ ማንሻ ይጠቀምበታል። በኋላ በኩል ማሰርን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ የሞተር ጀልባ ኋላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ማዕበሉ ዘሎ ይገባል።

ድንጋይ በገመድ አስሮ መጣል አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ብዙዎች ያደርጉታል። ነገር ግን ድንጋይ ለስላሳ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ እውነተኛ መልህቅም ቢሆን እንዲይዝ ከውሃው ጥልቀት አምስትና ስድስት እጥፍ ገመድ መልቀቅ ይፈልጋል። ያን ያህል ገመድ የለቀቀ ጀልባ ነፋሱ ባዞረው ቁጥር የጎረቤቱን መረብ ይጠቀልላል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ችካል ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከጎናችን ሁለት ወጣቶች ቆሮሶ ዓሣ ይዘው በታንኳ ተመለሱ። ታንኳ ችካል ላይ ውሎ አያድርም። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ተጎትቶ ይወጣል፣ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። አሳሹ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት የተነሳባት ጀልባ «ራ» የተሠራችው ከዚሁ ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ውሃ ጠጥታ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ተተወች። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ይህን የደንገል ጠባይ ከማንም በፊት ያውቁታል። ታንኳ ለአፍታ ችካል ላይ ሲታሰርም ገመዱ አካሉን ዙሪያውን ያቅፋል እንጂ እስሩን አይወጋም፤ የተወጋ ደንገል ከቀዳዳው ጀምሮ ይበሰብሳል።

ሽማግሌው ሌላ ቦታ ሲተክሉ እጃቸው ቆም አለ። «እዚህ ድሮ አሸዋ ነበር» አሉ። ችካሉ ያለ ምንም ድካም እስከ እጀታው ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የተባሉት ወንዞች ከታረሰው ደጋ አፈር እየጠረጉ ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ በተለይ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳር እምቦጭ አረም ተንሰራፍቷል፤ ሥሩ የተንጠለጠለበት ውሃ ውስጥ ችካል የሚሰካበትን እንኳ ማየት አይቻልም። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። የሐይቁን ወለል በየቀኑ በእጃቸው የሚነኩት አጥማጆች ስለ ደለሉ ሲጠየቁ ማየት እወዳለሁ፤ የት እንደጨመረ በስንዝር ይነግራሉ።

ሐይቁ በዓመት ውስጥ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ ከፍታው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም ይወሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦች ለወራት ሳይጓዙ ቀርተዋል። ለችካል ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በግንቦት እጀታው ከውሃው በላይ ክንድ የሚተርፍ ችካል፣ እዚያው ተረስቶ ከቀረ በመስከረም ጭራሽ አይታይም። የፋይበር ጀልባ ሆድ ይሰነጥቃል፣ መረብ ይቀዳል፣ ታንኳ ይወጋል። ስለዚህ ሽማግሌው ማታ ማታ ችካላቸውን አዙረው ይነቅላሉ፣ ጭቃውን ያጥባሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ። መንቀል ያቃታቸውን አንድ የሌላ ሰው ጉቶ ግን ራሱ ላይ ቀይ የፌስታል ቁራጭ አሰሩበትና በማግሥቱ ጎረምሶች ይዘው ሊመለሱ አስበው ቦታውን ለሚያልፉት ሁሉ ጮኸው ተናገሩ።